ጎመን ጎመን የሚሸተው ቤት

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 9

ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ላይ የምትስቅ ፀሐይ ታትማለች። ማዘጋጃ ቤታችን የምትስቅ ፀሐይ የሚልከው አንድ ነገር ሊወስድ ሲል ነው። ባለፈው የመጣች ጊዜ የሄደው የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ነበር።

ርእሱ «ሕይወቴ፣ ምርጫዬ» ይላል። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ነፃነትና ስለ ክብር ካወራ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ ከስልክ ቁጥሩ ከፍ ብሎ፣ ላርች ቤትን በማርች ማብቂያ ለመዝጋት «ሐሳብ ቀርቧል» ይላል። ማን እንዳቀረበው አይናገርም። ሐሳቡ በገዛ እግሩ ሄዶ ቀርቦ ይሆናል።

ይህን ደብተር የምጀምረው ለማስረጃ ነው። ሕግ ተምሬ በደንብ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የሚረታው የጮኸ ሳይሆን የጻፈ መሆኑ ነው። ስለዚህ ነገሩን ጨርሶ ለማያውቅ ዳኛ እንደማስረዳ አድርጌ እጽፋለሁ።

ላርች ቤት ስድስት አልጋ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ የእረፍት ማደሪያ ነው። እንደ ወንድሜ እንደ ረስል ያሉ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች በወር ጥቂት ሌሊት እዚያ ያድራሉ። እኛ ከእነሱ እናርፋለን፤ እነሱም ከእኛ። ረስል ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ የውጭው በር መቆለፉን ያረጋግጣል፣ ከዚያ እማዬን ቀስቅሶ መቆለፉን ይነግራታል። እማዬ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንቅልፍ የምትጠግበው እሱ ላርች ቤት ያደረ ሌሊት ብቻ ነው።

እኔ ብራዮኒ አክሮይድ፣ ሃያ ሰባት ዓመቴ፣ የጥብቅና ሥልጠናዬን አቋርጬ ባለፈው ኤፕሪል፣ የእማዬ የግራ ዳሌ በተቀየረ ጊዜ፣ «ለጥቂት ሳምንት» የመጣሁ።

«ፀሐይዋ ግን ደስ ትላለች» አለች እማዬ። መነጽሯን አላደረገችም ነበር።


አርብ፣ ጃንዋሪ 12

ረስልን ላርች ቤት አደረስኩት። ወጥ ቤት ባለው ቀን መቁጠሪያ ላይ የላርች ቤት ቀኖቹን ሁሉ ቢጫ ክብ ይለጥፍባቸዋል፤ ቢጫ ባለበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ይቆማል።

እዚያ ሲደርስ የማይዛነፍ ሥርዓት አለው። ሦስተኛው የኮት መስቀያ የእሱ ነው። ኮቱን ይሰቅላል። የቤት ጫማውን ከመስቀያው ሥር፣ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ያስቀምጣል። ከዚያ «ደርሻለሁ» ይላል። ይህ ሳይሆን በፊት ቢያናግሩትም አይመልስም፤ ገና አልደረሰማ።

ሞሪስ ዶሚኖውን ደርድሮ እየጠበቀው ነበር። ሞሪስ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከሰማንያ ዓመት አባቱ ጋር ይኖራል።

«ዘገየህ፣ አንተ አጭበርባሪ!»

«አጭበርባሪስ አንተ! ስድስት ስድስቷን የት ደብቀሃት ነበር?»

«የት ነበረች?»

«ካልሲህ ውስጥ!»

«ካልሲው የራሴ ነው።»

የቤቱ ኃላፊ ግሌኒስ ናት፤ እዚያው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ። «ምንም እንዳንናገር ደብዳቤ ደርሶናል፣ የኔ ልጅ። ስለዚህ ምንም አልነገርኩሽም። ከሴፕቴምበር ወዲህ አዲስ ሰው እንዳንመዘግብ መታዘዛችንን አልነገርኩሽም። አራቱ አልጋዎች ጾማቸውን የሚያድሩት ለዚህ መሆኑንም አልነገርኩሽም። ሻይ ትጠጫለሽ?»


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 17

ሙሉውን ሪፖርት አገኘሁት፤ ስድሳ ሁለት ገጽ። ገጽ ዘጠኝ፦ «የአልጋዎቹ ተፈላጊነት በሚያሳስብ ሁኔታ ቀንሷል።» የሰው አንገት አንቆ ይዞ ትንፋሹ ቀንሷል ብሎ ሪፖርት መጻፍ ይህ ነው።

ገጽ አሥራ አራት ላይ፣ በሐምራዊ ሳጥን ውስጥ፣ በትልልቅ ፊደል፦

«ላርች ቤት ጎመን ጎመን የሚሸት የድሮ ዕቃ ሙዚየም ነው። ወንድሜ ከዚህ የተሻለ ይገባዋል።» የቤተሰብ አባል፣ ባለፈው ዓመት መጠይቅ ላይ።

ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አለማንበብ እችል ነበር።

«ማነው ይህን የጻፈ? እጁን ቁርጥማት ይያዘው!»

«አንድ ደደብ ነዋ።»

«ወንድሜ ነው የሚለው። የሞሪስ እህት ትሆን?»

«ልትሆን ትችላለች» አልኩ።

ሞሪስ እህት የለውም።

ወንድም ያለው ሰው ብዙ ነው። ዛሬ ደክሞኛል።


ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 20

ለረስል ለብቻው ሌላ ቅጂ ተልኮለታል፤ ሥዕል የበዛበት፣ «ለመረዳት ቀላል» የሚሉት። በየገጹ አንድ ሰው አውራ ጣቱን ቀስሯል። መዝጋት የሚል ቃል የለም። «ላርች ቤት ይለወጣል» ይላል፤ ከጎኑ ቢራቢሮ።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ «አዲስ ነገር መሞከር ትወዳለህ?» ከሥሩ ሦስት ፊት፤ የሚስቅ፣ ዝም ያለ፣ የሚያለቅስ።

«አዲሱ ነገር ምንድን ነው?» አለ ረስል።

«አልጻፉትም።»

«ኬክ ነው?»

«ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው እወዳለሁ።»

የሚስቀውን ፊት በብዕር ከበበው። ስሙንም ጻፈ። እነሆ ወንድሜ ላርች ቤት እንዲዘጋ በጽሑፍ ደገፈ። ልቀደው እጄን ስዘረጋ «የኔ ነው» ብሎ ወደ ደረቱ ያዘው። የእሱ ነው። እንዳለ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ሰው የጻፈውን መቆራረጥ የእነሱ ሥራ እንጂ የእኔ አይደለም።


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 25

ስፖርት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ «እናዳምጣችኋለን» የሚባል ስብሰባ። በሬ ካራጁ ይውላል፤ እኛም ዋልን።

መድረኩን የምትመራው ታምሲን የምትባል የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ነበረች። የምንለውን ሁሉ በቢጫ ወረቀት ትጽፍና ሰሌዳ ላይ ትለጥፋለች። ጥያቄው ሲከብዳት «ይህን እዚህ እናቆየዋለን» ትልና በሩ አጠገብ ባለ ሌላ ሰሌዳ ላይ ትለጥፈዋለች። ስብሰባው ሲያልቅ የበሩ ሰሌዳ ሞልቶ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን በሁለት እፍኝ ሰብስባ ከረጢት ውስጥ ስትከታቸው አይቻለሁ።

የምክር ቤቱ የማኅበራዊ እንክብካቤ ኃላፊ አቶ ጄፍሪ ስትሪክላንድ ተነሡ። የላርች ቤት ምትክ «የተከፈተ ቤት» የሚባል አሠራር ነው አሉ። የከተማችን ተራ ቤተሰቦች እንደ ረስል ያሉትን በቤታቸው እየተቀበሉ ያሳድራሉ።

«ስንት ቤተሰብ ተመዘገበ፣ ጌታዬ?» አለች እማዬ።

«ፍላጎቱ እጅግ አበረታች ነው፣ እመቤቴ።»

«ስንት?»

«ይህን እዚህ እናቆየዋለን» አለች ታምሲን።

«እኔ ራሴ» አሉ አቶ ስትሪክላንድ ደረታቸውን መታ አድርገው፣ «ቤቴን ለመክፈት አንዲት ደቂቃ አላመነታም!» ታምሲን አጨበጨበች። ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ አቆመች። ቀጥለው «ቤተሰቦች ራሳቸው ምን እንዳሉ ላንብብላችሁ» ብለው ገጽ አሥራ አራትን ገለጡ። የጎመኑን አነበቡ፤ ሁለት ጊዜ።

እማዬ ከመቀመጫዋ ሆና «ያ ሰው እዚህ ካለ ይነሣና እንየው!» ብላ ጮኸች።

ማንም አልተነሣም። እኔ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር።

በሻይ ሰዓት አቶ ስትሪክላንድ ረስልን ትከሻውን ያዙት። «እህ፣ ወጣቱ! ውሻ ትወዳለህ?» ወጣቱ ከታምሲን በስምንት ዓመት ይበልጣል።

«እወዳለሁ።»

«ሁለት አሉኝ፣ ባሮንና ቢስኩት። አንድ ቀን እኛ ቤት መምጣት አለብህ!»

«አርብ?»

አቶ ስትሪክላንድ በሣቅ ወደ ኋላ አሉ። «አርብ ቢሆን ምን ገዶኝ! በፈለግህ ጊዜ!»

እኛ አገር «አንድ ቀን መምጣት አለብህ» የሚባለው ሰው እንዲሄድ ሲፈለግ መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ረስል ግን ሰው የሚናገረው የሚያስበውን ይመስለዋል። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ «ባሮን፣ ቢስኩት፣ ባሮን፣ ቢስኩት» ሲል መጣ።


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 31

እሺ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ዳኛው ይህንንም ይመዝግብ።

ባለፈው ሜይ ነው። ላርች ቤት በር ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ረስልን እጠብቃለሁ፤ እሱ ዶሚኖው አላለቀም ብሎ አልወጣም ይላል። አርባ ደቂቃ። በዚያው ሳምንት አብረውኝ የተማሩት ጠበቃ ሆነው ፎቶ ተነሥተዋል፤ ፎቶው ስልኬ ላይ ነው። የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ሽታ በመስኮት ይገባል። መጠይቁ ጭኔ ላይ ነበር። «ሌላ አስተያየት ካለ» ይላል። ጻፍኩ። ያማረ ዓረፍተ ነገር ሆነልኝ፤ ደግሜ አንብቤው ስቄበታለሁ።

ነገር ግን! ቀጥዬ «ስለዚህ ቤቱን አድሱት እንጂ እንዳትዘጉት» ብያለሁ። እርግጠኛ ነኝ። እነሱ ቆርጠው ጥለውታል። የራሴን ቅጽ ግልባጭ እንዲልኩልኝ በሕጉ መሠረት ዛሬ ጠየቅኳቸው። ስለ መዝጋቱ የሚወስነው የምክር ቤቱ ካቢኔ የሚሰበሰበው ፌብሩዋሪ 22 ነው፤ ያን ቀን ተነሥቼ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር አነብላቸዋለሁ። «ቆራጮቹ» ብዬ የሚጀምር ንግግር እየጻፍኩ ነው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ከብዕር የወጣስ? ገጽ አሥራ አራት።


ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

ጊዜ የለኝም። እማዬ ደረጃው መሐል ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ደረጃው ደክሞት አብሬው አረፍኩ።»

ከሰዓት በኋላ ከአክስቴ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «የቀኙም ዳሌ መቀየር አለበት ብለውኛል፤ በኤፕሪል። ረስልን ሁለት ሳምንት ላርች ቤት ካስገባሁት እችላለሁ። ከተዘጋማ እንዴት ብዬ? … ኧረ ብራዮኒንስ ተያት! ዕድሜዋን እዚህ ልትጨርስ ነው? አትንገሪያት ብቻ።»

ሰማሁ አላልኳትም።


ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 10

ትናንት አርብ ነበር። ረስል ኮቱን ሰቀለ፣ ጫማውን አስቀመጠ፣ «ደርሻለሁ» አለ። ሞሪስ የለም።

የሞሪስ አባት ሰኞ ወድቆ ሆስፒታል ገባ። ሞሪስን ማሳደሪያ ሲፈለግ ላርች ቤት አራት ባዶ አልጋ ነበረው፤ ግን ከተያዘለት ቀን ውጭ ማንንም እንዳያስገባ ታዝዟል። ስለዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ወስደው ባሕር ዳር ያለ የማያውቀው ተቋም አስገቡት። መንገዱ በላርች ቤት በር ያልፋል። ግሌኒስ መኪናው ሲያልፍ በመስኮት አየችው። «እጁን አውለበለበልኝ» አለችኝ። ስለ ሻይ አልጠየቀችኝም።

ረስል ዶሚኖውን ለሁለት ደርድሮ እስከ እራት ጠበቀ። የሞሪስን ሰባት ድንጋይ አንዱንም ገልብጦ አላየውም። ያ አጭበርባሪ ወንድሜ።


ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 14

የቅጼ ግልባጭ ያለበት ፖስታ መጣ። ፀሐይዋ አለችበት። አሁን ሥራ አለብኝ።


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 15

መስኮቶቹን ሁሉ ወለወልኩ። መጋረጃ አጠብኩ። እማዬ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ።


አርብ፣ ፌብሩዋሪ 16

ፖስታውን ከፈትኩት። ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር የለም።

እጅ ጽሑፉ የራሴ ነው። ጎመኑ አለ፣ ሙዚየሙ አለ፣ ወንድሜ አለ። ከዚያ በኋላ ስድስት ባዶ መስመር። ስድስት! «አድሱት እንጂ እንዳትዘጉት» በግማሹ መስመር ይጻፍ ነበር። እኔ በምትኩ አንዲት የምትስቅ ፊት ሥያለሁ። የማዘጋጃ ቤቱን ፀሐይ ትመስላለች።

አስቤው ነበር። ይህን እምላለሁ። እያሰብኩ ሳለ ረስል ከበሩ ወጣ፣ ሞተር አስነሣሁ።

ማንም አልቆረጠኝም። እንዳለሁ ነው የታተምኩት። «ቆራጮቹ» የሚለውን ንግግር እሳት ውስጥ ጣልኩት፤ ያም ቢሆን ያማሩ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩት።


እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 18

ለእማዬ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሜይ ጀምሮ። ፖስታውን ሳይታሸግ ጠረጴዛ ላይ የተውሽው አንቺ፣ አሽጌ የላክሁት እኔ።»

«ታዲያ ለምን ረገምሽኝ?»

«ቁርጥማት እኮ ቀላሉ ነው። ሌላም መርጬ ነበር።» ድንቿን ገለበጠቻት። «የሞሪስ እህት! ሃያ ዓመት የማውቀው ሰው እህት እንደሌለው የማላውቅ መሰለሽ? መቼ ትናገር ይሆን ብዬ ነው የጠበቅሁሽ። አዳራሹ ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ ጫማ ስታስሪ፣ ይህች ልጅ ባለ ስንት እግር ናት አልኩ።»

«አንብበሽው ለምን ላክሽው ታዲያ?»

ሌላ ድንች አነሣች። «እውነት ነዋ» አለች። «ጎመን ይሸታል። ያን ጊዜ ማንም ሊዘጋው አላሰበም ነበር።»


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 22

ካቢኔው ፊት ሦስት ደቂቃ ተሰጠኝ። ከፊቴ እንደ መንገድ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሚያበራ ሳጥን አለ።

«ገጽ አሥራ አራት ላይ ያለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቤቱ ጎመን ይሸታል። ጎመን የሚሸተው ሰው ስለሚበላበት ነው።» ስለ ሴፕቴምበሩ ትእዛዝ ተናገርኩ። ስለ ሞሪስ ተናገርኩ። ቢጫ። ሁለት ሳምንት የሚያድርበት ቦታ ለወንድሜ ካልተገኘ እናቴ ዳሌዋን እንደማትታከም ተናገርኩ። እማዬ ዘወር ብላ አየችኝ። «አንዲት የተናደደች ሴት መኪና ውስጥ የጻፈችው ቀልድ…» ቀይ። ድምፅ ማጉያው ጠፋ።

አቶ ስትሪክላንድ እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገው ተነሡ። «የወይዘሪት አክሮይድን ድፍረት አደንቃለሁ። ጽሑፉ የእርሳቸው መሆኑን አረጋግጠዋል። ቤቱ ጎመን እንደሚሸትም ዛሬ በድጋሚ መስክረዋል። የሪፖርታችንን ትክክለኛነት ከዚህ በላይ ማን ያስረዳል?»

የድምፅ መስጠቱ ሥነ ሥርዓት ከእኔ ንግግር አጠረ። ጸሐፊው «ዘጠኝ ድጋፍ» ብሎ ጻፈና አረመው፤ ስምንት ናቸው። ዘጠነኛዋ የረስል እጅ ነበረች። ሰው እጅ ሲያወጣ እሱም ያወጣል።

መውጫው ላይ አቶ ስትሪክላንድ ስልካቸውን እያዩ ትከሻውን መታ አደረጉት። «በርታ፣ ወጣቱ!»

«አርብ ባሮንና ቢስኩት» አለ ረስል። «በሚቀጥለው አርብ። ነገ ላርች ቤት ነኝ።»

«አዎ፣ አዎ፣ በሚቀጥለው አርብ» አሉ፤ ሄዱ።


አርብ፣ ማርች 1፣ አውቶቡስ መጠለያ ውስጥ

እጄ በርዷል፤ ጽሑፌ ካልተነበበ ዳኛው ይታገሠኝ።

ጠዋት ግሌኒስ ደወለች። ሁለት ሠራተኛ ሌላ ሥራ ይዘው ስለሄዱ የሚቀጥለው አርብ አዳር ተሰርዟል። ረስል ግን ዛሬ ቢጫ ሳይኖርበት ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ቆሟል።

«ላርች ቤት ዛሬ የለም፣ ረስል።»

«አውቃለሁ። ዛሬ የባሮንና የቢስኩት ነው።»

ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። የምክር ቤት አባላት አድራሻ ለሕዝብ ይፋ ነው፤ ሕዝብ ሲጠይቅ መመለስ ተገቢ ነው። በየትኛው አውቶቡስ እንደሚኬድ ጠየቀኝ። 38 ነው። ስልክ ቁጥሬን ካርድ ላይ ጽፌ ኪሱ ከተትኩለት፤ ይህን ሁልጊዜም አደርጋለሁ። እኔም በዚያው አውቶቡስ ላይኛው ፎቅ ላይ መገኘቴ፣ በዚያው ፌርማታ መውረዴ አጋጣሚ ነው። እንዲህ ተብሎ ይመዝገብ።

በሩን የከፈቱት ሚስታቸው ወይዘሮ ማርጆሪ ናቸው። ረስል አልፏቸው ገባ፣ ኮቱን ሰቀለ፣ ጎንበስ አለ። «ደርሻለሁ!» ሲል እዚህ ማዶ ድረስ ተሰማኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመስኮቱ ሳይ ሴትየዋ ሻይ እየቀዱለት ነበር። አቶ ስትሪክላንድ እራት ግብዣ ቆይተው ሁለት ሰዓት ላይ ገቡ። ስልኬ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጮኸ።

«ወይዘሪት አክሮይድ፣ ስትሪክላንድ ነኝ። አንዲት ትንሽ አለመግባባት ተፈጥራለች። ወንድምዎ ሳሎኔ ውስጥ ፒጃማ ለብሶ ተቀምጧል!»

«ጋብዘውታል፣ ጌታዬ። ሁለት ጊዜ።»

«እንዲያው ለወጉ ያህል የተባለ ነው እንጂ!»

«ገጽ ሠላሳ አንድ “ማንኛውም በጎ ፈቃድ ያለው ቤተሰብ” ይላል። እርስዎ ደግሞ አንዲት ደቂቃ አላመነታም ብለዋል።»

«በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፎ ሁለት ጊዜ ነገረኝ! ሚስቴን ስድስት ዙር በዶሚኖ አሸንፏታል፤ ያጭበረብራል!»

«ካልሲውን ይፈትሹ።»

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ!» እስከዚህ ድረስ እርስዎ ነበርኩ። «ይህ ቀልድ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል! የለመደው አልጋ፣ የሚያውቀው ቤት ይፈልጋል! እንዲሁ በየሰው ቤት አይጣልም!»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ትንሽ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ። እየጻፍኩ ነው።»

ደገሙልኝ። ንዴታቸው ስለጨመረ ከፊተኛው አሳምረው ደገሙት። ከላይ የጻፍኩት ሁለተኛውን ነው፤ ሰዓቱ ሁለት ከሃያ፤ አንድ ቃል አልቆረጥኩም።

ከኋላ የወይዘሮ ማርጆሪ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ጄፍሪ፣ ጋብዘሃል አልጋበዝህም? እንግዲያው ይደር። የእንግዳ ክፍሉ ምን ሊሠራ ነው!»


ቅዳሜ፣ ማርች 2

ረፋድ ላይ ሄጄ አመጣሁት።

«እንዴት ነበር?»

«ቢስኩት ጥሩ ነው። ባሮን ይነክሳል።» እጅጌውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ ቆዳው አልተበሳም፣ ቀልቷል።

«ቤታቸውስ?»

«ምንም አይሸትም» አለ፤ እንዳዘነላቸው ነገር።

እማዬ ክንዱን አገላብጣ አየችው። «አንቺ ነሽ የላክሽው?»

«አልላክሁትም።»

«አልከለከልሽውም። ውሻው ፊቱን ቢይዘውስ? ሰውዬው ገፍትሮ ቢያስወጣውስ?»

«ውጭ ቆሜ ነበር እኮ።»

«አጥር ማዶ! ያኔ በስሙ ቀለድሽ። አሁን ደግሞ ራሱን ወስደሽ ወረወርሽው። ልክ ነሽ፣ ብራዮኒ፤ ሁልጊዜ ልክ ነሽ። የሚነከሰው ግን እሱ ነው።»

መልስ ነበረኝ። ያማረ መልስ ነበር። አልተናገርኩትም።


ሐሙስ፣ ማርች 14

ሦስት የምክር ቤት አባላት ስለፈረሙ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ወደ ምክር ቤቱ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ተላከ። እንደገና ሦስት ደቂቃ ተሰጠኝ፤ አንዱን ብቻ ተጠቀምኩበት። የአቶ ስትሪክላንድን ቃል ከነቀኑ ከነሰዓቱ አነበብኩ። የለመደው አልጋ። የሚያውቀው ቤት። በየሰው ቤት አይጣልም።

«ከዐውዱ ውጭ ተቆርጦ የተወሰደ ነው!» አሉ አቶ ስትሪክላንድ።

«ዐውዱም አለኝ፣ ጌታዬ። የካልሲውን ጨምሬ ላንብበው?»

የሕዝብ መቀመጫ ላይ አንዲት ሴት ሳቁ። ወይዘሮ ማርጆሪ ነበሩ። ረስል አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ቢስኩት ጤንነት ይጠይቃቸዋል።

ኮሚቴው መዝጋቱ እስከ ኦክቶበር እንዲቆም፣ የሴፕቴምበሩም እገዳ እንዲነሣ ወሰነ። አላሸነፍንም። ወደ ኦክቶበር ተዛወርን። ግሌኒስ ማምሻውን ደወለች። «ምንም አልነገርኩሽም፣ የኔ ልጅ። ሞሪስ ሰኞ እንደሚመለስም አልነገርኩሽም።»


ማክሰኞ፣ ማርች 26

የእማዬ የዳሌ ሕክምና ቀን ተቆረጠ፤ ኤፕሪል 17። ረስል ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐሥራ አራት ቢጫ ክብ ለጥፏል። ተለጣፊው ስላለቀበት መጨረሻዎቹን ሁለቱን በብዕር ሣላቸው።

በዚያው ፖስታ ፀሐይዋ መጣች። አዲስ መጠይቅ ነው። ርእሱ «አብረን እናስብ» ይላል። የፊቱን ጥያቄዎች ሁሉ ዘልዬ መጨረሻ ላይ ወዳለው ሳጥን ሄድኩ። «ሌላ አስተያየት ካለ»፤ ከሥሩ ሰባት መስመር። መኪና ውስጥ ሳይሆን ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ እማዬ እያየችኝ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ቤቱን አድሱት እንጂ እንዳትዘጉት» ብዬ ጻፍኩ። ብዕሩን አስቀመጥኩ።

ረስል በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየ። «ጎመን ጻፍሽ?»

«አልጻፍኩም።»

«ለምን? ጎመን ጥሩ ነው።»

ብዕሩን ሰጠሁት። ምላሱን አውጥቶ፣ አንዱን ፊደል በሁለት መስመር ቁመት እያደረገ፣ ጎመን ጥሩ ነው ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ስሙን። ሲጨርስ አንድም ባዶ መስመር አልቀረም።